ዱላ ፊት የቆመው ሹፌር

ስሙኝማ! እምቢታ እንደ ሐረግ ነው፤ አንዱን ሲጎትቱት ሌላው ይከተላል። ይህም የሆነው በሸዋ ሮቢት ቆላ፣ በአስፋልቱ ዳር፣ ሽንኩርት በሚነቀልበት ሰሞን ነው።

ወይዘሮ አስካለና ባሏ አቶ ሽመክት ሽንኩርታቸውን ከማሳ እያወጡ መንገድ ዳር ይከምሩ ነበር። ሽመክት ጆንያ ተሸክሞ አስፋልቱን ሲሻገር፣ ከመታጠፊያው አንድ አይሱዙ ብቅ አለ። ፍሬኑ ጮኸ። ሹፌሩ ሊስተው መሪውን ቢጠመዝዝም በጎኑ ገጨው። መኪናው ቦይ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ላይ ተሰካ፤ ከዚያ ወዲያ ወደፊትም ወደኋላም የሚል አልሆነም።

አስካለ እየጮኸች ስትደርስ ባሏ በጀርባው ተዘርግቷል። ጭኑ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል፤ ደሙ ይወርዳል። ሹፌሩ ዳምጠው የሚባል ቀጭን ሰው ነበር። ከጋቢናው ዘሎ ወረደና የአስካለን ነጠላ ተቀብሎ ጭኑን ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለትራፊክ ፖሊስ ደወለ።

«ሰው ገጭቻለሁ። አዎ፣ እኔው ነኝ። እዚሁ ነኝ።»

አንድ የጭነት መኪና አጠገባቸው ሲደርስ ቀስ አለ። ነጂው በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ምን ትጠብቃለህ? ዝለልና ግባ! ይጨርሱሃል!» አለው።

«እኔን ተወኝ፤ ሰውየውን ጫንልኝ!» አለ ዳምጠው። ነጂው ነዳጅ ሰጥቶ ተፈተለከ።

አስካለ በድንጋጤዋ መሀል አፏን ይዛ ቀረች። ሹፌር ገጭቶ ሲያመልጥ እንጂ አምልጥ ሲሉት እምቢ ሲል ሰምታ አታውቅም። ይህስ ምን ዓይነት ፍጡር ነው?

የእሷ ልመና ግን አንዲት ብቻ ነበረች፦ «ባሌን ሐኪም ቤት አድርሱልኝ!»

ሰይፉ የሚባል ባለባጃጅ መጣ። አስካለ እግሩ ላይ ወደቀች።

«እናቴ፣ ተነሺ። አልጭንም» አላት። «ጓደኛዬ ቁስለኛ ጭኖ ሲሄድ፣ ‹አንተ ነህ የገጨኸው› ብለው ሰዎች ቀጠቀጡት። ገጪው አብሮኝ ይሳፈርና ‹እኔ ነኝ› ይበል፤ ያኔ እጭናለሁ።»

ሽመክት ወድቋል፣ ባጃጁ አይጭነውም። ባጃጁ አይጭነውም፣ ሹፌሩ ካልተሳፈረ።

«እሳፈራለሁ!» ብሎ ዳምጠው ተነሣ። ግን የሽመክት ታናሽ ወንድም በላቸው ከማሳው እየሮጠ ደርሶ፣ ዱላውን አንሥቶ ፊቱ ተገተረ።

«አንዲት እርምጃ ብትራመድ! ከተማ ስትደርስ ልትጠፋ ነው። ሐጂ ይማም ዋስ ይሁኑህ፤ አለዚያ ከዚህ አታልፍም!»

ሽመክት ወድቋል፣ ባጃጁ አይጭነውም። ባጃጁ አይጭነውም፣ ሹፌሩ ካልተሳፈረ። ሹፌሩ አይሳፈርም፣ ዱላው ካልወረደ። ዱላው አይወርድም፣ ሐጂ ዋስ ካልሆኑ።

አስካለ የአገሩ ሽማግሌ ወደሆኑት ሐጂ ይማም ሮጣ ይዛቸው መጣች። «አባቴ፣ ስለ ፈጣሪ ብለው ዋስ ይሁኑት!»

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። «ልጄ፣ ስሙን ያወቅሁት አሁን ነው። ቢጠፋ በማን እጅ ልመልሰው? የትራፊክ ሳጅኗ ትምጣና በሕግ እጅ ትቀበለው።»

ለሳጅኗ ስልክ ተደወለ። ሳጅን ምንታምር ከድልድዩ ማዶ ነበረች። «መኪናችን ሌላ አደጋ ቦታ ሄዷል፤ በእግሬ እየመጣሁ ነው። እኔን አትጠብቁ፤ ቁስለኛውን አንሡት!» አለች።

«ስልክ ሰው አይይዝም!» አለ በላቸው። «ባጃጁ ሄዶ ያምጣት!»

«ሹፌሩን ሳልይዝ ንቅንቅ አልልም!» አለ ሰይፉ።

ሽመክት ወድቋል፣ ባጃጁ አይጭነውም። ባጃጁ አይጭነውም፣ ሹፌሩ ካልተሳፈረ። ሹፌሩ አይሳፈርም፣ ዱላው ካልወረደ። ዱላው አይወርድም፣ ሐጂ ዋስ ካልሆኑ። ሐጂ ዋስ አይሆኑም፣ ሳጅኗ ካልመጣች። ሳጅኗ አትደርስም፣ ባጃጁ ካላመጣት። ባጃጁ አያመጣትም፣ ሹፌሩ ካልተሳፈረ!

ነገሩ እንደ ቀለበት ዞሮ ገጠመ። አስካለ የምትለምነው ሰው አጣች። ባሏ ከንፈሩ እየነጣ፣ «ብርድ፣ ብርድ» ይላል፤ በዚያ ሐሩር!

ዳምጠው ይህን ሰማ። ከዚያም ቀጥ ብሎ ወደ በላቸው ሄደ። ዱላው ካናቱ በላይ እስኪሆን ድረስ ሄደ።

«ወንድሜ፣» አለ፣ «ሕጉ ቁም ይለኛል፤ ቆሜያለሁ። ፖሊስ ጥራ ይለኛል፤ ጠርቻለሁ። የተጎዳውን አንሣ ይለኛል፤ እሱን ግን አንተ ከለከልኸኝ። መኪናዬ የሦስተኛ ወገን መድን አለው። ያ መድን ለእኔ የተገባ አይደለም፤ እንደ ወንድምህ ላለ፣ ለማላውቀው ሰው የተገባ ነው። ብሸሽ ማን ገጨው ይባላል? መብቱንም ይዤበት መሄዴ ነው። መምታት ካለብህ ምታኝ። ከመታኸኝ በኋላ ግን አሳፍረኝ።»

መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ለሐጂ ዘረጋ።

አስካለ ቤተ መቅደስ የገባች ያህል ነጠላዋን ልታጣፋ እጇን ወደ ትከሻዋ ሰደደች፤ ነጠላ የለም። ሐጂ ይማም መንጃ ፈቃዱን ሳያዩት መለሱለት።

«ያዘው፣ ልጄ። ሊያመልጥ የፈለገ ሰው ዱላ ሥር አይቆምም። ወላሂ፣ ዋሱ እኔ ነኝ!»

ሐጂ ዋስ ሆኑ፣ ዱላው ወረደ። ዱላው ወረደ፣ ሹፌሩ ተሳፈረ። ሹፌሩ ተሳፈረ፣ ባጃጁ ጫነ። ባጃጁ ጫነ፣ ድልድዩ ጋ ሳጅኗን አገኘ። ሳጅኗ ከሰይፉ ጎን ተጠጋች፣ በፊሽካዋ መንገዱን ከፈተች። መንገዱ ተከፈተ፣ ሽመክት ሐኪም ቤት ገባ!

ሐኪሙ ሲወጣ ጀንበር እያዘቀዘቀች ነበር። «ይተርፋል። እግሩም ይጠገናል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል» አለ። አስካለ ግድግዳውን ተደግፋ እልል አለች፤ ድምፅዋ ግን በግማሽ ቀረ።

በላቸው ተከትሏቸው መጥቶ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ዳምጠው ለሳጅኗ ሲናገር ሰማው።

«መታጠፊያው ላይ ፍጥነት አልቀነስሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ማንም ሳይጠይቀው ነው ያለው። ሳጅን ምንታምር እንኳ ትክ ብላ አየችው። «እንግዲህ ጣቢያ ሄደን ቃልህን ትሰጣለህ» አለችው ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ዳምጠው ደረጃው ላይ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። አስካለ ልትረግመው ምላሷ አልታዘዝ አላት፣ ልትመርቀው ባሏ ውስጥ ተኝቷል።

በላቸው ግን ወረደና ክንዱን ይዞ አነሣው።

«ሳጅን፣» አለ፣ «ብቻውን አይሄድም። እኔም አብሬው እመጣለሁ።»