ኩሽኔታውን ማን ጨረሰው?

የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የሞተሮቹን ፍጥነት የሚቆጣጠር ኢንቨርተር አስገጠሙና በየስብሰባው ሲኩራሩ ከረሙ። ከዚያ ወዲህ ግን የሞተሮቹን ዘንግ የሚሸከመው ኩሽኔታ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። መሐንዲሶቹ፣ «ከኢንቨርተሩ የሚመጣው ትርፍ ኤሌክትሪክ መውጫ አጥቶ በኩሽኔታው እያለፈ ያቃጥለዋል፤ ወደ መሬት የሚያወርደው ብሩሽ ዘንጉ ላይ እንግጠም» ቢሏቸው፣ «እኔ የገዛሁት ዕቃ መጣፊያ አያሻውም!» አሉ።

አንድ ቀን ሠራተኛውን ሰብስበው ግሪስ የምትቀባውን ሴት አስነሷት።

«ኩሽኔታ የምትጨርሺው አንቺ ነሽ! አይደለሁም ካልሽ ጥፋተኛውን ንገሪኝ፤ አለዚያ ከነገ ጀምሮ እንዳላይሽ!»

ሴትዮዋ ግሪስ የነካ እጇን እየጠረገች፣ «ኤሌክትሪኩ ነው ጌታዬ፤ እሱም እንደኛ መውጫ ቸግሮት ነው» አለች። «እርስዎ በርዎን ሲዘጉብን ንዴታችንን ደጅ በተቀመጠችው ጸሐፊዎ ላይ እናራግፋለን። ይኸው የተቀጠረችው ሁሉ ዓመት ሳትሞላ ትለቃለች። እርስዎም ጸሐፊዎቹን ሰነፍ ይላሉ እንጂ በሩን አይከፍቱም።»

ብሩሹስ በሳምንቱ ተገዛ። በሩ ግን ዛሬም ዝግ ነው፤ «ጸሐፊ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎበታል።