የወይዘሮ ዘምዘም ቀሚስ ጠርዝ

ተረቴ መጣች፤ ጠጋ ጠጋ በሉና መቀመጫ ስጧት!

ኮምቦልቻ ውስጥ እንድሪስ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበረ። የአገሩን ሰው ሁሉ ሲያለብስ ኖሮ፣ ለገዛ ሚስቱ ለወይዘሮ ዘምዘም አንዲት ቀሚስ ሳይሰፋ አረጀ። ዘንድሮ ግን ቆረጠ። ሰፍቶ ሰፍቶ ጠርዟ ብቻ ቀረች። «ይችን ጠርዝ ልጨርስላት እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግ» አለ።

በመሀሉ ክፉ ተቅማጥ ያዘው። ቀለል ያለው ሲመስለው ተነስቶ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠ። እግሩ ግን እንደ እርጥብ ጭቃ ከብዶት ፔዳሉን መጫን አቃተው። እግር አልረግጥም አለ፣ ቀሚስ አላልቅም አለ።

ዘምዘም ደግፋ ሐኪም ቤት አደረሰችው። ዶክተር ፀዳለ ደሙን አስመርምራ፣ የልቡን ምት በማሽን አይታ ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ፖታሲየም የሚባል ጨው ደምዎ ውስጥ በዝቷል። በልኩ ሲሆን ብርታት ነው፤ ሲበዛ ግን እግር ያዝላል፣ ልብንም ያቆማል። በሽንት መውጣት ነበረበት፤ አልወጣም።»

ፖታሲየም አልወጣም አለ፣ እግር አልረግጥም አለ፣ ቀሚስ አላልቅም አለ።

«ምነው ልጄ፣ መውጫ አጣ እንዴ?» አለች ዘምዘም።

«መውጫስ ነበረው እናቴ። ኩላሊት ውስጥ ወደ ሽንት የሚያልፍባቸው ጥቃቅን በሮች አሉ። እነሱ ተዘግተዋል።»

በር አልከፈትም አለ፣ ፖታሲየም አልወጣም አለ፣ እግር አልረግጥም አለ፣ ቀሚስ አላልቅም አለ።

«በሩንስ ማን ዘጋው?»

«አሲድ። ተቅማጡ አሲድ የሚያበርደውን ጨው ጠራርጎ ወሰደባቸው፤ የሰውነታቸው ውሃም አልቆ ኩላሊታቸው ደከመ። አሁን አሲዱ የኩላሊታቸው ሕዋሶች ውስጥ ተጠራቅሟል። በሮቹ ደግሞ ውስጡ ሲኮመጥጥባቸው ጥርቅም ይላሉ።»

አሲድ አልለቅም አለ፣ በር አልከፈትም አለ፣ ፖታሲየም አልወጣም አለ፣ እግር አልረግጥም አለ፣ ቀሚስ አላልቅም አለ።

«መድኃኒት የለውም በይኛ!»

«አለው እንጂ! ልብን የሚጠብቀውም አሲዱን የሚያበርደውም በደም ሥር ይገባል። አሁኑኑ ነው መጀመር ያለብን።»

ነርሷ ሲስተር ብዙአየሁ ግሉኮሱን ሰቅላ መርፌ ይዛ መጣች። እንድሪስ ክንዱን ጋቢው ውስጥ ሸሸገ። «ጋሼ፣ እጅዎን» ብትለው ጭራሽ ጨበጠው።

ክንድ አልዘረጋም አለ፣ መድኃኒት አልገባም አለ፣ አሲድ አልለቅም አለ፣ በር አልከፈትም አለ፣ ፖታሲየም አልወጣም አለ፣ እግር አልረግጥም አለ፣ ቀሚስ አላልቅም አለ።

ለካ ፍርሃት ኖሯል የያዘው። ታላቅ ወንድሙ ሰይድ ያረፈው ግሉኮስ ክንዱ ላይ እንደተሰካ ነበር። ለማንም ያላወራውን ለሚስቱ በጆሮዋ ነገራት፤ «ያ መርፌ ከገባ አልመለስም፣ ዘምዘም» አላት። ፍርሃቱ አልሄድም አለ።

ዘምዘም አልሳቀችበትም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሰይድን ግሉኮሱ አልገደለውም። ዘግይቶ መጥቶ ነው። አንተ ግን ሳይመሽብህ መጥተሃል። እኔም እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድ።» ፊቱን ወደ ራሷ መለሰችው። «ይልቅ ያን ጠርዝ ሰፋ አድርገህ እጠፈው።»

«ሰፋ? ጠበብ ነው የሚያምረው!»

«ሰፋ ነው!»

«በሙያዬማ አትግቢ!» ብሎ ሲቆጣ፣ ክንዱ ከጋቢው ወጣ። ሲስተር ብዙአየሁ ቀስ ብላ ሥሩን አገኘችው።

ፍርሃት ላላ፣ ክንድ ተዘረጋ፣ መድኃኒት ገባ፣ አሲድ ለቀቀ፣ በር ተከፈተ! በማግስቱ እንድሪስ ሽንቱን በደንብ ሸና፤ ዶክተሯ ምርመራውን ደግማ አየችና «አልሐምዱሊላህ ይበሉ ጋሼ» አለችው። ፖታሲየም ወጣ።

ቤቱ ገብቶ ሲያገግም እግር ረገጠ፣ ፔዳል ወረደ፣ ጠርዝ ተሰፋ፣ ቀሚስ አለቀ።

ዘምዘም ለበሰችው። እግሩ ገና አልጠናምና ጠርዙ በአንድ በኩል ጠመም ብሏል። እንድሪስ አይቶ አፈረ፤ «አውልቂው፣ ፈትቼ ልድገመው» አላት።

«እንዳትነካው!» አለችና ቀሚሱን እያሳየች እዚያው ፊቱ ዞረችለት።

ተረቴ እዚህ ደረሰች፤ የሰማ ለጎረቤቱ ያቀብላት።