አያ ጅቦ ለቤተሰቡ ቀልድ ሲፈልግ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ሚስቱን፣ ሁለት ልጆቹንና አማቱን ይዞ የሚስቅበት የቀልድ መድረክ አጥቶ ተቸገረ። ጫካው ውስጥ ሳቅ ጠፍቶ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ አውሬው ሁሉ ልጆቹን አስከትሎ ይወጣና ሆዱን ይዞ ስቆ ይመለሳል። ሚስቱ ጅቢት ይህን እያየች ትነዘንዘው ነበር።

«የሚዳቋ ልጆች እንኳ ቀልድ አይተው ይመጣሉ። የእኛዎቹ አጥንት ከመቆርጠም በቀር ምን አዩ?»

መጀመሪያ ዝንጀሮ ወደሚቀልድበት ገደል ወሰዳቸው። ዝንጀሮ ደግሞ አፉ መረን ነው። ገና መድረኩ ላይ ሲወጣ ዞሮ መቀመጫውን አሳየና የሙሽሮችን የጫጉላ ወሬ ጀመረ። አማትየዋ ጆሯቸውን ደፈኑ።

«ይህን ልታሰማኝ ነው ከቤቴ ያስወጣኸኝ?» አሉት።

አያ ጅቦ አንገቱን ደፍቶ ቤተሰቡን እየነዳ ተመለሰ።

በሳምንቱ በቀቀን ዘንድ ሄዱ። በቀቀን ጸያፍ ቃል አይወጣውም ተብሎ ነበር፤ እውነትም አልወጣውም። ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የቀለደው በጅብ ብቻ ነው። ጅብ እንዲህ በላ፣ ጅብ እንዲህ ተታለለ፣ ጅብ ጉድጓድ ገባ! ትንሹ ልጅ ጥጋቡ አለቀሰ። ትልቋ ትርፌ ደግሞ ከዚያ በኋላ ከጓደኞቿ እየተደበቀች ሰነበተች።

አያ ጅቦ ነገሩ ሲመረው ቀበሮ ዘንድ ሄደ። በዚያ ጫካ ማን የት እንደሚቀልድ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ቀበሮ ነው።

«ለቤተሰብ የሚሆን ቀልድ ፈልግልኝ» አለው።

«ለቤተሰብ የሚሆን ስትል ምን ማለትህ ነው፣ አያ ጅቦ?»

«ብልግና የሌለበት።»

«ይገኛል።»

«ደግሞ ጅብ የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ የማይነሳበት።»

ቀበሮ ጢሙን ላሰ። «የሌላው ስም ቢነሳስ?»

«የአህያ? የከርከሮ? እሱማ ቀልድ አይደል እንዴ! በቀልድ ማን ይከፋል?»

«እንግዲያው ቅዳሜ ጦጢት ትቀልድልሃለች። ጅብ የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ጅራቴን ቁረጠኝ። አንተ ለድካሜ ያቺን የደበቅሃትን የቆርኬ ጭን ብቻ ላክልኝ። ቤተሰብህን ፊት ለፊት አስቀምጥልሃለሁ።»

ፊት ለፊት የሚለውን ሲሰማ አያ ጅቦ ደረቱን ነፋ። ጭኑንም በዚያው ዕለት ላከ።

ቅዳሜ ደረሰ። ወንዙ ዳር መቀመጫ ጠፋ። አህያ ለሳቅ ብትመጣም ጠባይዋን አልተወችም፤ ከኋላ፣ ለመሮጥ የሚመች ቦታ ይዛ ቆመች። ያ በክረምቱ ታሞ የነበረው ጎሽም ድኖ፣ ወፍሮ መሐል ላይ ተጋድሟል። ጦጢት ጉቶ ላይ ዘላ ወጣችና እጅ ነሳች።

«አንድ ሰውዬ ነበር» አለች። «ስሙን አልጠራም። ጎረቤቱ ታመመ ሲባል ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ‹እግዜር ይማርህ› ብሎ ሳይጨርስ የታማሚውን ታፋ ቆንጠጥ አደረገ። ‹ምነው እንዲህ ከሳህ? ኧረ ብላ! እንዲህ አጥንትህ ወጥቶማ አትሙትብን› አለው።»

ወንዙ ዳር በሳቅ ተናወጠ። ከሁሉ በላይ የሳቀው አያ ጅቦ ነበር።

«በማግስቱ ያ ሰውዬ ለቅሶ ሊደርስ መጣ» ብላ ቀጠለች ጦጢት። «ታማሚው ቁጭ ብሎ ሣሩን ይግጣል። ሰውዬው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ተቆጣ። ‹አንተ ከሃዲ! እኔ ከትናንት ጀምሮ ሆዴን ባዶ አድርጌ፣ ቤተሰቤን ጠርቼ፣ አንተ ትድናለህ?›»

አያ ጅቦ መሬት ላይ ተንከባለለ። እንባው ፈሰሰ።

«እንዲህ ያለ ሆዳም! እንዲህ ያለ ደንቆሮ! ሰማሽ ጅቢት? በዚህ ዓለም እንዲህ ያለም ፍጡር አለ!»

ጅቢት ዓይኖቿን መሬት ላይ ተክላለች። ከኋላቸው ያለው ሁሉ ጦጢትን ትቶ የሚያየው እነሱን ነበር። ትርፌ የአባቷን ጆሮ ሳብ አደረገች።

«አባዬ፣ ጋሽ ጎሽ የታመሙ ጊዜ አንተም እኮ...»

«ዝም በይ! እኔ የሄድኩት ልጠይቃቸው ነው። ይሄኛው የሄደው ሊበላ ነው!»

«እኛንም ጠርቶን ነበር» ብለው አማትየዋ አጉረመረሙ።

አያ ጅቦ ግን አልሰማም። ብድግ ብሎ ቆመ።

«ጦጢት! ይህ ነውረኛ የት ነው የሚኖረው? ልጆቼ ደጁን እንዳይረግጡ ልንገራቸው!»

ከዚያ በፊት ያልተሰማ ሳቅ ፈነዳ። አህያ እንኳ መሮጫዋን ረስታ አናፋች። ጎሽ በሳቅ ሳል ያዘው። ቀበሮ ወደ አያ ጅቦ ጠጋ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ፣

«ወደ ቤትህ ግባ፤ እዚያ ታገኘዋለህ» አለው።

ሲመለሱ ጅቢት ልጆቿን አቅፋ ከፊት ከፊት ሄደች። አማትየዋ ሌላ መንገድ ያዙ። አያ ጅቦ ከኋላ ብቻውን፣ ቀልዱን ለራሱ እየደገመ፣ ለራሱ እየሳቀ ተከተለ። ዋሻቸው ሲደርስ ዙሪያውን አነፈነፈ፣ ቋጥኙን ሁሉ ገለባበጠ።

«ጅቢት፣ ቀበሮ ሰውዬው እዚህ ነው ብሎኛል። መጥቷል እንዴ?»

ጅቢት ልጆቿን ወደ ጓዳ አስገባች። ከዚያ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«አሁን ገባ» አለችው።

አያ ጅቦ ጥርሱን አግጦ፣ ጓዳ ጓዳውን ሲፈልገው ዋለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጆቹን የማያሳፍር ቀልድ የሚፈልግ አባት ቀልደኛ ከማማረጡ በፊት የራሱን ነውር ቢያርም እንደሚሻለው ነው።