«አንቱ» መባል ያማረው እጣቢ

ተረት ተረት! «የሩዝ መሬት» በሉኝ እንጂ፣ ምነው ዝም አላችሁ?

በሩዝ አገር እታለማሁ የምትባል ነፍሰ ጡር ነበረች። የአዲስ ሩዝ ገንፎ አማራት። አምሮት ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ካልበላች ልጇ አፍንጫው ላይ የሩዝ ፍሬ ይዞ ይወለዳል። የጎረቤቷ ልጅ እስከ ዛሬ ጉንጩ ላይ ሽንብራ ይዞ ይዞራል።

ድስቱን «አብስልልኝ» አለችው። «ሩዝ የለኝ፣ ምን ላብስል?» አላት።

ወደ ማሳው ሄደች። «ሩዝ ሆይ አፍራ፤ ድስት አላበስል አለ፣ እኔን ገንፎ አማረኝ።»

«ውሃ ሳልጠጣ አላፈራም» አለ ሩዝ።

ወደ ቦዩ ሄደች። «ቦይ ሆይ ፍሰስ፤ ሩዝ አላፈራ አለ፣ ድስት አላበስል አለ፣ እኔን ገንፎ አማረኝ።»

«ደንገል ካልለቀቀልኝ ምኑን ልፍሰስ?»

ደንገል፣ ያ ረጅሙ የውሃ ሣር፣ ከከተማው በታች ባለው ኩሬ ውስጥ ቆሞ የከተማውን እጣቢ ያጣራል፤ የጠራውን ለቦይ ይለቃል። «ደንገል ሆይ አጣራ፤ ቦይ አልፈስ አለ፣ ሩዝ አላፈራ አለ፣ ድስት አላበስል አለ፣ እኔን ገንፎ አማረኝ።»

«እጣቢ ካልመጣ ምን ላጣራ? እኔም ጾሜን ነው ያለሁ።»

ወደ ቱቦው ሄደች። ልብስ የታጠበበት፣ እግር የታጠበበት፣ ሌላም ሌላም የታጠበበት (እናንተ ታውቁታላችሁ) እጣቢ አኩርፎ ተጎልቷል። «እጣቢ ሆይ ና፤ ደንገል አላጣራ አለ፣ ቦይ አልፈስ አለ፣ ሩዝ አላፈራ አለ፣ ድስት አላበስል አለ፣ እኔን ገንፎ አማረኝ።»

«አልመጣም። ለሩዙ ስንት ማዳበሪያ በሆዴ ይዤ፣ ባልሽ አፍንጫውን ይዞ ‹አንተ ግማታም› አለኝ። ‹አንቱ› ካላለኝ ንቅንቅ አልልም።»

ባሏ ጌታሰው ኩሩ ነው። «እጣቢን አንቱ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እንግዲያማ እጣቢ አልመጣ አለ፣ ደንገል አላጣራ አለ፣ ቦይ አልፈስ አለ፣ ሩዝ አላፈራ አለ፣ ድስት አላበስል አለ። የልጅህን አፍንጫ ለሰው የምታስረዳው አንተ ነህ» አለችና እንባዋ መጣ። የእውነት ፈርታ ነበር።

ጌታሰው ተነሥቶ ወደ ቱቦው ሄደ። ባርኔጣውን አውልቆ ቱቦው ፊት እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ አጥፍቻለሁ። አንቱ ይለፉ፣ እባክዎ።»

እጣቢው ተንደቀደቀ! እጣቢ መጣ፣ ደንገል አጣራ፣ ቦይ ፈሰሰ፣ ሩዝ ጠጥቶ ጠግቦ አፈራ፣ የእታለማሁም ሆድ ገፋ፣ ድስት አበሰለ፣ እሷም ገንፎዋን በልታ ጣቷን ላሰች።

ልጁ ተወለደ። አፍንጫው ጥርት ያለ ነው። ጌታሰው ደስ ብሎት ቢያቅፈው ጭኑ ላይ ሸናበት። አባት አልተቆጣም።

«አንቱም መጡ? ይለፉ፤ ደንገል ይጠብቅዎታል» አለ።

እኔ ተረቴን ለቀቅሁ፤ እናንተም ገንፎዬን ልቀቁ።