ጠበቃው የዘለላቸው ሰዎች

አንድ ጠበቃ ነበረ። ሕግ አዋቂ፣ አንደበቱ የታረመ፣ ሙግት ከያዘ የማይረታ ሰው ነበረ። በአገሩ በስተሰሜን ወንዙ ግማሹን ዓመት በረዶ ሆኖ የሚከርምበት ሰፊ ዱር ነበር። በዚያ ዱር ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ የአጋዘን መንጋ እየተከተሉ፣ ዓሣ እያጠመዱ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። አንድ ባለጸጋ ዱሩን ገልብጦ ማዕድን ሊያወጣ ተነሣ።

ሰዎቹ መክረው አንዲት አሮጊት ወደ ጠበቃው ላኩ። እሷም ይዛው ሄዳ ሰባት ቀን በድንኳኗ አሳደረችው። አጋዘኖቹ የሚወልዱበትን ሜዳ አሳየችው፤ ብርዱ ሲጠናበት ከራሷ ድርሻ ቀንሳ ዓሣ አበላችው። ሲሰናበታት «ልጄ፣ እኛ ወረቀት አናውቅም። ያየኸውን ጻፍልን» አለችው።

ጠበቃው ተመልሶ አቤቱታውን ሊጽፍ ተቀመጠ። ሕጉ ሁለት መንገድ ነበረው። ሰው የሚኖርበት ምድር ከመቆፈሩ በፊት ነዋሪው ይሰማ ይላል፤ ይህ ዓመታት የሚፈጅ፣ መጨረሻው የማይታወቅ ሙግት ነው። ሰው ያልሰፈረበት ዱር ግን ጨርሶ አይነካም ይላል። ጠበቃው አጭሩን መረጠ። «ነዋሪ የሌለው ዱር» ብሎ ጻፈ። «ዱሩ ከዳነ እነሱም ይድናሉ» ብሎ ራሱን አጽናናና ጽፎ ጨረሰ።

ዳኛው ፈረደለት፤ ባለጸጋው ዕቃውን ጭኖ ተመለሰ። ከተማው ሁሉ ጠበቃውን አመሰገነው።

በዓመቱ ግን ለዱሩ ጠባቂዎች ተሾሙ። ፍርዱን ይዘው ገቡና ሰው ሊኖርበት በማይገባው ስፍራ ያገኙትን ሁሉ አስወጡ። ድንኳኑን ነቀሉ፣ መረቡን ወሰዱ።

ጠበቃው ይህን ሰምቶ ሄደ። አሮጊቷን ከመንገድ ዳር በቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ አገኛት። አልተቆጣችውም። «የጻፍኸውን አንብብልኝ» ብቻ አለችው። ማንበብ ጀመረ። «ነዋሪ የሌለው» የሚለውንም አነበበላት።

አሮጊቷም «እንግዲያ ያን ዓሣ ያበላህ ማን ነበር?» አለችው።

ፊቷን ማየት አቃተው፤ የተመሰገነበት ቀን ሁሉ ትዝ አለው።

ተነሥቶ ወደዚያው ችሎት ተመለሰና ሕዝብ በተሰበሰበበት ቆመ። «የተከበሩ ዳኛ፣ ያቀረብሁት ሐሰት ነው። በዱሩ ሰዎች ይኖሩ ነበር። አውቄ ነው የዘለልኋቸው» አለ።

ዳኛው የጥብቅና ፈቃዱን ነጠቀው፤ ፍርዱንም ሻረው። ባለጸጋው ይህን እንደሰማ ተመልሶ መጣ። ሙግቱ ነዋሪው በሚሰማበት በረጅሙ መንገድ እንደገና ተጀምሮ አራት ዓመት ፈጀ፤ እስኪያልቅም ማንም ወደ ዱሩ እንዳይገባ ታገደ። አሮጊቷ በሁለተኛው ዓመት እዚያው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሞተች። በመጨረሻ ሜዳውና አብዛኛው ዱር ለሰዎቹ ተጠበቀ፤ የወንዙ ታችኛው ዳር ግን ተቆፈረ። ከተመለሱት ሰዎች ጠበቃውን ሰላም የሚሉት ነበሩ። እሱ ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሰላምታቸውን የተቀበለው አንገቱን ደፍቶ ነው።

አንተ ዛሬ ጠዋት መጥተህ «የኔታ፣ ደኑን ለማዳን በምንጽፈው ማመልከቻ ላይ እዚያ የሚኖሩትን ሰዎች ባንጠቅስ ምን ይጎዳል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ልጄ፣ ሕግ እንደ ዘበኛ ነው፤ ያሳየኸውን ይጠብቃል፣ የደበቅኸውን እንደ ሌባ ያባርራል። ያ ጠበቃም የወደደው በጎ ነገር ነበር፤ እንዳንተው። ኋላ እውነቱን ቢናገርም አሮጊቷ ተመልሳ ሜዳዋን አላየችም። አንተ ግን ገና አልፈረምህም።