ለሚወርዱት ያልተነገረው

«አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ሰው እንዳይሞት መጠበቅ ነበር።»

ጋሽ ደምሰው ነገሩን የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም የድሮ ተማሪዎቻቸው ከየፋብሪካው ችግራቸውን ይዘው ይመጡባቸዋል። የዚያን ዕለት የመጣችው ሐመልማል ነበረች። በአንድ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ የሥራ ደህንነት ኃላፊ ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነው። ጥያቄዋን የጠየቀችው ገና በደንብ ሳትቀመጥ ነበር።

«ጋሼ፣ የታሰረው ጥጥ በሚፈታበት ክፍል ብናኝ የሚስበው መሣሪያ ከተበላሸ ሰባት ወሩ ነው። ሴቶቹ በብናኝ ተሸፍነው ነው የሚውሉት። ለሥራ አስኪያጁ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ሦስቱንም ጊዜ ‹ይታያል› አለኝ። ከዚህ በላይ ከእኔ ምን ይጠበቃል? ነገ አንድ ነገር ቢመጣ እኔ አለሁበት?»

ጋሽ ደምሰው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ከዚያ በኋላ የነገሯት ይህን ነው።

ሰውየው የሚሠራው በአንድ ቆዳ ፋብሪካ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሰነፍም አልነበረም። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይገባና ደብተሩን ይዞ ግቢውን ይዞራል። የተላጠ ሽቦ ካየ ይጽፋል፤ የሚያንሸራትት ወለል ካየ ይጽፋል። ሠራተኞቹ «ኢንጂነር» ይሉታል። ከመካከላቸው የወለደ ካለ ሄዶ ይጠይቃል፣ ያዘነ ካለም ለቅሶ ይደርሳል። ይወዱት ነበር።

በፋብሪካው ጓሮ ቆዳ የታጠበበት ውኃ ሁሉ የሚሄድበት ጉድጓድ አለ። ጥልቀቱ የሁለት ሰው ቁመት ይሆናል፣ አፉ ግን ጠባብ ነው። ፀጉሩ፣ ስቡና ኖራው ከታች እየረጋ ቱቦውን ይዘጋዋል። ስለዚህ በየሁለት በየሦስት ወሩ አንድ ሰው በመሰላል ወርዶ በአካፋ ይጠርገዋል። እዚያ ውስጥ ጋዝ አለ። መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሰውም ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። የሚገድለው ያኔ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ የተነፈሰ ሰው አይተርፍም።

ኢንጂነሩ ይህን ያውቃል፣ ተምሮታል። ሠራተኞቹ አያውቁም። እነሱ የሚያውቁት ጉድጓዱ እንደሚገማ፣ ሽታው የቀነሰ ዕለት ደግሞ ሥራው እንደሚቀላቸው ብቻ ነው።

ኢንጂነሩ ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ጻፈ። አየር የሚያስገባ ማሽን፣ የመተንፈሻ መሣሪያና መታጠቂያ ያለው ገመድ ይገዛ፤ እስኪገዛም ማንም አይውረድ አለ። ሥራ አስኪያጁ ከደብዳቤው ጥግ ላይ «ለግዥ ክፍል» ብሎ ጻፈበትና መለሰው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለተኛ ጻፈ። ሦስተኛውን ሲጽፍ ቃሉን አከበደው፤ የሰው ሕይወት ሊጠፋ እንደሚችል ገለጸ። ጸሐፊዋ በየቅጂው ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማህተም መታችለት። ቅጂዎቹን አቃፊ ውስጥ አድርጎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈባቸው። በዚያን ቀን ልቡ ቀለለው። የሚቻለውን አድርጓል።

አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ በጓሮ በኩል ሲያልፍ የጉድጓዱ ክዳን ተከፍቶ አየ። ከጠዋት ጀምሮ ፍሳሹ ተዘግቶ ማጠቢያው ቆሟል፤ ሥራ አስኪያጁም ቶሎ ይከፈት ብሎ አዝዟል። የሚወርደው ተካልኝ የሚባል ሠራተኛ ነበር። ስሙን እነግርሻለሁ፣ ስም ያለው ሰው ነበርና። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ሠርቷል፤ እጁ በኖራ ተልጦ የነጣ፣ ቀልደኛ ሰው። ሰውነቱ ቀጭን ስለሆነ በጠባቡ አፍ ያልፋል፣ ሁልጊዜም የሚመረጠው እሱ ነው። ጓደኛው መሰላሉን ይዞለታል።

ተካልኝ ሁለት ሦስት መወጣጫ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ታች ካየ በኋላ ቀና ሲል ኢንጂነሩን አየው።

«ኢንጂነር! ገና ስገባ ሸቶኝ ነበር፣ አሁን እኮ ጭራሽ ጠፋ! ዛሬስ ሽቶ የረጩበት ነው የሚመስለው!» ብሎ ሳቀ።

ኢንጂነሩ ቆመ። በመካከላቸው አሥር እርምጃ ቢኖር ነው። ሽታ ጠፋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ግቢ ውስጥ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ማጠቢያው ከጠዋት ጀምሮ መቆሙን አሰበ። አሁን ላስቁም ብል ከሥራ አስኪያጁ ጋር እጣላለሁ ብሎ አሰበ። ደሞስ ጽፌያለሁ፣ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ ብሎ አሰበ።

«ተጠንቀቁ እንግዲህ» አላቸው።

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልን» አለ ተካልኝ፤ ወረደ።

ኢንጂነሩ ቢሮው ገብቶ ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ጩኸት ሰማ። ተካልኝ ሦስት አካፋ እንኳ ሳይዝቅ በፊቱ ተደፍቶ ነበር። ጓደኛው ስሙን ጠራው፤ መልስ ሲያጣ ሊያወጣው በመሰላሉ ወረደ። ብብቱ ሥር ገብቶ ሊያነሣው ሲል እሱም አብሮት ወደቀ። ሦስተኛ ሰው ሊገባ እግሩን መሰላሉ ላይ ሲያሳርፍ ኢንጂነሩ ሮጦ ደረሰና ከኋላ በቀበቶው ጎትቶ መሬት ላይ ጣለው። የእሳት አደጋ ሰዎች የመተንፈሻ መሣሪያ ይዘው ከከተማ እስኪመጡ አንድ ሰዓት አለፈ። የሁለቱንም ሬሳ አወጡ።

አጣሪዎች መጡ። ሥራ አስኪያጁ ግዥው በሂደት ላይ እንደነበር አስረዳ። ኢንጂነሩም ሦስቱን ደብዳቤዎች አቀረበ፤ ማህተሙ፣ ቀኑ፣ ሁሉም አለበት። በመጨረሻ የወጣው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «አደጋው የደረሰው ሠራተኞቹ ተገቢውን ጥንቃቄ ባለማድረጋቸው ነው።» ኢንጂነሩ ይህችን መስመር ደጋግሞ አነበባት። እውነት እንዳልሆነች ያውቃል። ነገር ግን ምን እንደሚጠነቀቁ ማን ነግሯቸው ነበር ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ዞሮ ወደ ራሱ ይመጣል። ወረቀቱን አጥፎ ከደብዳቤዎቹ ጋር አስቀመጠው።

ሥራ አስኪያጁ እጁን ጨበጠው። «ያንተ ደብዳቤዎች ባይኖሩ ጉድ ሆነን ነበር» አለው። «ፋብሪካው ቸል እንዳላለ ያሳየልን እነሱ ናቸው።»

የተካልኝ አርባ ካለፈ በኋላ ሚስቱ ጥቁር እንደለበሰች ኢንጂነሩ ቢሮ መጣች። ቁጭ በይ ቢላት እምቢ አለች።

«ኢንጂነር፣ ደብዳቤ ጽፈው ነበር ሲሉ ሰማሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ቢያነቡልኝ ብዬ ነው።»

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰውየው ደስ አለው። እንድታውቅለት ፈልጎ ነበር። መሳቢያውን ከፈተና ሦስቱንም በየተራ አነበበላት። ሦስተኛውን ረጋ ብሎ ነው ያነበበው፦ «ጋዙ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። በዚህ ጊዜ የሚወርድ ሠራተኛ በደቂቃ ውስጥ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል።» እሷ አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ሲጨርስ ቀና አለች።

«ተካልኝ ይሄን ያውቅ ነበር?»

ኢንጂነሩ ወረቀቶቹን ወደ አቃፊው መለሰ።

«አንብበውለት ነበር ወይ?»

«እኔ የጻፍኩት ለሥራ አስኪያጁ ነው» አላት።

«ሥራ አስኪያጁ ይወርድ ነበር እንዴ?»

ይህን ያለችው ልትወጋው ብላ አይደለም። የፋብሪካውን አሠራር ስለማታውቅ እውነት መስሏት ነው የጠየቀችው።

«የለም፣ እሱ አይወርድም» አላት።

«እሺ» አለች። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ በሩ ሄደች፤ ከዚያ ዞር አለች። «የዚያን ዕለት ጠዋት ‹ዛሬ ጉድጓድ አለብኝ፣ ልብሴ ይገማልና ሳሙና ግዢ› ብሎኝ ነው የወጣው። የሚያስፈራ ነገር ቢሆን ይነግረኝ ነበር። እኔን የሚደብቀኝ ነገር የለውም።»

ወጣች። ሰውየው ከዚያ ወንበር እስከ ማታ መውጫ ድረስ አልተነሣም።

በማግስቱ ፈረቃ በሚቀያየርበት ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ በሚያልፍበት በር ላይ አንድ ሳጥን ገልብጦ ወጣበት። ስለ ጋዙ የሚያውቀውን ሁሉ ነገራቸው። ከዚያም «ተካልኝ ሽታው ጠፋ ሲለኝ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። አውቄ አለፍኩ» አላቸው። ከጉድጓዱ አፍ በቀበቶው የጎተተው ሠራተኛ ብቻ ወደ ፊት መጣና «አሁን ነው የምትነግረን?» አለው። መልስም ሳይጠብቅ ሄደ። ብዙዎቹ ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ነሱት።

ከፋብሪካው ሠራተኞች አንድም ሰው ያን ጉድጓድ አልወርድም አለ። ኢንጂነሩ ሠራተኛ አሳምጿል ተብሎ በሳምንቱ ተባረረ። እሱ ግን የሚሄድበት ያጣ ይመስል በየጠዋቱ ከበሩ ማዶ እየመጣ ይቆም ነበር።

ክረምት ላይ ጉድጓዱ እንደገና ተዘጋ። ፋብሪካው ከሌላ ከተማ ሦስት የቀን ሠራተኞች በአይሱዙ አስመጣ። ኢንጂነሩ መኪናው ወደ ግቢው ሲታጠፍ አየና ሮጦ ደረሰበት፤ ጎኑን በእጁ እየደበደበ «ጉድጓድ ውስጥ ግቡ ቢሏችሁ እንዳትገቡ! ትሞታላችሁ!» እያለ ጮኸ። ከላይ ሆነው አዩት። ዝናብ የመታው፣ ጢሙ ያደገ ሰው ነው። ጥበቃው «ተውት፣ ሰውየው ነካ አድርጎታል» አላቸው። አንደኛው ሳቀ። መኪናው ገባ፣ በሩም ተዘጋ።

ከስድስት ሰዓት በፊት አንዱን በሸራ ጠቅልለው አወጡት። ከፋብሪካው ሰዎች ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። አብረውት የመጡት ሁለቱም ከእሱ ጋር የተገናኙት በዚያው ጠዋት መኪናው ላይ ነው።

ፋብሪካው ዛሬም ይሠራል።

ጋሽ ደምሰው እዚህ ላይ አቆሙ።

«ታዲያ ጋሼ፣ መናገሩስ ምን ጠቀመ?» አለች ሐመልማል። «ሥራውን አጣ፣ የቀን ሠራተኛውም ሞተ።»

«ዘግይቶ ነው የተናገረው። ቀድሞ ቢናገር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እኔም አላውቅም። ተካልኝ አውቆም ይወርድ ይሆናል፤ እምቢ ያለ ሰው እንጀራውን ያጣልና። ምናልባት ለሚስቱ ነግሯት ‹ቅርብህ› ትለው ነበር። ምናልባት ጓደኛው እንኳ ተከትሎት ባልገባ ነበር። የሚወርደው ሰው ምን እንደሚያደርግ ሊታወቅ የሚችለው ሲነገረው ነው። ለእሱ ግን የነገረው የለም።»

ወደ እሷ ዞረው ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

«‹አለሁበት ወይ› ብለሽ ጠይቀሽኛል። ያ ሰው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ጉድጓዱም ያ የጥጥ ክፍል ነው። የቆዳው በደቂቃ ይገድላል፣ የጥጡ በዓመታት፤ ሌላ ልዩነት የለውም። ደብዳቤዎችሽ አንቺን ከማንኛውም ጥያቄ ነጻ ያወጡሻል። ከዚያ ክፍል ግን አንዲት ሴት አያወጡም። እስቲ ንገሪኝ፣ ሴቶቹ ሳላቸውን ምን ይሉታል?»

«ጉንፋን ይሉታል» አለች። «እሑድ አርፈው ሲመለሱ ስለሚብስባቸው ‹የሰኞ ጉንፋን› የሚል ስም አውጥተውለታል።»

«አንቺስ ምን ትያቸዋለሽ?»

«ነጭ ሽንኩርት በማር ውሰዱ እላቸዋለሁ።»

«ጉንፋን እንዳልሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉ ጋሽ ደምሰው። «ስትነግሪያቸው ይድናሉ ብዬ አልዋሽሽም። የአንዳንዶቹ ሳንባ ካለቀ ቆይቷል። ሌሎቹም ልጆች አሏቸው፤ አውቀውም ይገባሉ። አንቺንም ያባርሩሽ ይሆናል፣ በቦታሽም ዝም የሚል ሰው ያስገባሉ። ይህን ሁሉ አስቀድሜ እነግርሻለሁ። ግን ሂጂና ንገሪያቸው። የሚገድላቸውን ነገር በስሙ ይወቁት።»