ከንቲባው የተከሏት ዋንዛ

ከአንድ ትልቅ ከተማ ዳር ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ለነዋሪዎቿ መናፈሻ ከፈተች። ከንቲባው አቶ ደርበው በመጀመሪያው ክረምት መጥተው ካሜራ ፊት አንዲት የዋንዛ ችግኝ ተከሉና ሄዱ። ወዲያው በመናፈሻው በጀት፣ እሳቸው ችግኝ ሲተክሉ የሚያሳይ ቤት የሚያክል ቢልቦርድ ቆመ። ለአትክልተኛ የሚከፈል ግን አልተረፈም።

በዓመቱ ከንቲባው ሌላ ችግኝ ሊተክሉ፣ ለመናፈሻው ማስተዳደሪያም የመግቢያ ክፍያ ሊያውጁ እንግዶች አስከትለው መጡ። ዝናብ ያዘለው የሐምሌ ፀሐይ አናት ይበሳል። አንዲት ምላሳቸው የሚፈራ ባልቴት ከቢልቦርዱ ኋላ ጥላው ላይ ጋቢያቸውን አንጥፈው ጋደም ብለዋል።

ከንቲባው ፎቷቸው ጀርባ ሰው መተኛቱ ከነከናቸው።

«እማማ፣ ይነሱ እንጂ! ከዛሬ ጀምሮ እዚህ የሚያርፍ ሁሉ ይከፍላል። ደግሞስ ጥላ ከፈለጉ፣ እኔ በእጄ የተከልኩት ዋንዛ እያለ እዚህ ብረት ስር ምን ያስተኛዎታል?»

እንግዶቹ ዋንዛውን ፍለጋ ዞር ዞር አሉ። ባልቴቷ ቀስ ብለው ተነሱና አጠገባቸው የቆመችውን ደረቅ እንጨት በጣታቸው አሳዩ።

«መክፈሉንስ እንከፍላለን፣ የኔ ጌታ። ያችማ ውሃ የሚያጠጣት አጥታ ገና በጥር ደረቀች። እርስዎ ግን አንድ ጣሳ ውሃ ሳይጠይቁ ይኸው ሁላችንንም አስጠለሉን። እንግዲህ ዘንድሮ ችግኟን በከንቱ አያሰቃዩብን። ልጆቹ ኳስ በሚጫወቱበት በኩል ጥላ የለም፤ እዚያ አንድ ፎቶዎን ይትከሉልን።»